ከመድረክ በፊት ሰሚ ጆሮ

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው አባባል ከእናቶቻችን ዘመን ጀምሮ ሲነገረን የኖረ ነው። ዛሬ ይህን ፊት ለፊት የሚናገር ሰው ብዙ አይገኝም። ሴት ልጅ ሐኪምም፣ መሐንዲስም፣ ዳኛም ስትሆን አይተናልና። ይሁን እንጂ አባባሉ ከአፋችን ወጣ እንጂ ከአሠራራችን ጨርሶ አልወጣም። ተደብቆ ከቀረባቸው ቦታዎች አንዱ የቴአትር መድረክ ነው። መድረክ ላይ ሴት ስትስቅ፣ ስታለቅስ፣ ስትገፋና ስትበደል እናያለን። የምትናገረውን ቃል የጻፈላት ግን አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው።

እናቶችና እህቶች፣ ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ጉዳይ ይኸው ነው። ሴቶች ተውኔት አይጽፉም እንዴ? ይጽፋሉ። እኔ በምኖርባት በጅማ ከተማ እንኳ በፍራሽ ሥርና በሣጥን ውስጥ የተቀመጡ ደብተሮች መኖራቸውን አውቃለሁ። ታዲያ ከደብተር ወጥተው መድረክ የማይደርሱት ለምንድን ነው? የቤት ሥራው፣ የልጆች አስተዳደጉና የኑሮ ሩጫው ድርሻ አለው። ነገር ግን ሌላ የማናስተውለው ምክንያት አለ። ይኸውም በደብተሩና በመድረኩ መካከል ተውኔቱ ጮክ ተብሎ የሚነበብበትና የሚደመጥበት ቦታ አለመኖሩ ነው።

ጥቂት ወደ ኋላ መለስ እንበል። የአገራችን ዘመናዊ ቴአትር ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተሰኘውን ተውኔታቸውን ያቀረቡት በ1913 ዓ.ም. ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ስለሚቆጠር የእናትን፣ የእህትንና የሙሽራን ቦታ ቀሚስ ለብሰውና ሻሽ አስረው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። እንግዲህ የሴትን ቃል ወንድ ይጽፈዋል፣ ወንድ ይናገረዋል ማለት ነው። ሴቲቱ ራስዋ የነበራት ድርሻ፣ ያውም ዕድል ካገኘች፣ ተቀምጦ ማየት ነበር።

በዚያ ዘመን ብዕር አንሥተው ተውኔት ከጻፉ ሴቶች መካከል ስማቸው አስቀድሞ የሚነሣው ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። በስዊዘርላንድ ተምረው የተመለሱ፣ በፋሺስት ወረራ ጊዜ በጣሊያን አገር በአዚናራ ደሴት ታስረው የቆዩ፣ ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩ፣ በ1950 ዓ.ም. ደግሞ ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። «የልቤ መጽሐፍ» የተባለው ሥራቸው በ1942 ዓ.ም. ታትሟል። ተውኔቶቻቸውን ይጫወቱ የነበሩት የትምህርት ቤቱ ልጃገረዶች ነበሩ።

ስለ እኒህ ታላቅ ሴት ሳስብ ሁልጊዜ የሚታየኝ ድፍረታቸው ብቻ አይደለም። በእጃቸው የነበረው ዕድልም ይታየኛል። ለጻፉት ቃል የመጀመሪያዎቹ ተናጋሪዎችና የመጀመሪያዎቹ ሰሚዎች ከፊታቸው ነበሩ። አዳራሽ ነበራቸው፤ ቃሉን በአፏ የምትሞክርላቸው ልጅ ነበረቻቸው። ዛሬ በአንድ የቡና መጋዘን ውስጥ የምትሠራ እናት ይህን ከየት ታገኛለች?

ይህን ጥያቄ ያነሣሁት እንዲያው ከሐሳብ ተነሥቼ አይደለም። እኔ ሥራዬ ጽሕፈት ነው። በኪቶ ፉርዲሳ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በሚገኝበት አካባቢ፣ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ በሚሠራበት አነስተኛ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን፣ ነጋዴዎች ውላቸውን፣ ባለጉዳዮች ማመልከቻቸውን ያመጡልኛል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ሁለት ደብተር በፌስታል ጠቅልላ መጣችና «እትዬ፣ ይህን በጽሕፈት ብታደርጊልኝ ስንት ታስከፍይኛለሽ?» አለችኝ። ስሟን እዚህ አልጠቅስም፤ እርሷም እንዲጠቀስ አልወደደችም። ቡና ለቃሚ ናት። በመጋዘን ውስጥ ከብዙ ሴቶች ጋር ተቀምጣ ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው፣ ስባሪውን ከሙሉው ስትለይ ትውላለች። የሚከፈላት በለቀመችው መጠን ነው። ሦስት ልጆች አሏት። ደብተሩን የሞላችው ልጆቹን ካስተኛች በኋላ በሌሊት ነበር።

ተውኔቱን ቀደም ሲል ለአንድ መሥሪያ ቤት አስገብታው ሰባት ወር ያህል ተቀምጦ ነበር። ከዚያም «ለመድረክ አይመጥንም» ከሚል አንድ መስመር ጋር ተመለሰላት። ለምን እንዳልመጠነ፣ የቱ ጋ እንደ ጎደለው የነገራት የለም። «የእጅ ጽሑፍ ስለሆነ ይሆናል» ብላ ነው ወደ እኔ የመጣችው።

እየጻፍኩ አነበብኩት። እኔ የቴአትር ባለሙያ አይደለሁም። ግን በሠፈራችን የማውቃቸው ሰዎች በዚያ ደብተር ውስጥ ሲንቀሳቀሱ አየሁ። ደግሞም አንዳንዱ ቦታ ሲጎተት፣ አንዳንዱ ቦታ ሰው የማይናገረው ዓይነት ነገር ሲናገሩ ተሰማኝ። ይህን ለእርሷ በቃል ማስረዳት አልቻልኩም። ስለዚህ «እሑድ ቤቴ ቡና አፈላለሁ፤ ጎረቤቶች ይመጣሉ፤ ጮክ ብለን እናንብበው» አልኳት። ከብዙ ማመንታት በኋላ እሺ አለች።

በአገራችን አንድ ጸሐፊ ተውኔቱን ለቴአትር ቤት ሲያስገባ ገምጋሚዎች አንብበው ይወስናሉ። ገምጋሚ ማስፈለጉን አልቃወምም። ነገር ግን ገምጋሚው የሚያነበው ብቻውን ሆኖ በዓይኑ ነው። ተውኔት ደግሞ ለጆሮ የሚጻፍ ነው። ልምድ ያለው ጸሐፊ ድምፁን በሐሳቡ ይሰማዋል፤ ተዋናይ ጓደኞችም አሉት። በአንጻሩ ቴአትር አይታ የማታውቅ፣ ብሔራዊ ቴአትር፣ ሀገር ፍቅርና ራስ ቴአትር ከሚገኙበት ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትኖር ሴት የጻፈችውን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰማው የት ነው? ሕዝብ በተሰበሰበበት የሚደረግ ንባብ ይህን ክፍተት ለመድፈን የሚረዳ ነው። አንባቢዎች ወረቀት ይዘው ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ የአንድ ገጸ ባሕርይ ቃል ያነባል። ልብስ፣ መብራት፣ መጋረጃ አያስፈልግም። ጸሐፊዋ እርሳስ ይዛ ታዳምጣለች። በመጨረሻ የሰሙት ሰዎች የተሰማቸውን ይናገራሉ።

«ልብስና መብራት የሌለው ቴአትር ምን ቴአትር ይባላል?» የሚል አይጠፋም። ለዚህ መልሱ በየቤታችን አለ። ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲያነብ ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን በዓይኑ ያየ አልነበረም። ነገር ግን ሥራውን ጥሎ ያዳመጠ፣ ዛሬም ድምፁን ሲሰማ የሚመሰጥ ስንት ሰው አለ! አንድ ድምፅ ይህን ያህል ከሠራ፣ አምስትና ስድስት ድምፅ ምን ሊሠራ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

የመጀመሪያው እሑድ ዘጠኝ ሰዎች ነበርን። ተውኔቱ ሦስት ገቢር ስለሆነ ለአቦል አንድ፣ ለቶና አንድ፣ ለበረካ አንድ እያልን አከፋፈልነው። አቦሉ ሳያልቅ ጸሐፊዋ የመጀመሪያውን ትምህርት አገኘች። የመክፈቻው ትዕይንት ረጅም ስለነበር ሴቶቹ እርስ በርስ ወግ ጀመሩ፤ አንዱ ሕፃን አንቀላፋ። ማንም «ረዘመ» ብሎ አልተናገረም። እርሷ ግን አየችና በእርሳሷ ምልክት አደረገች። የሰባት ወር ዝምታ ያልነገራትን አንድ ስኒ ቡና ነገራት ማለት ነው።

ቀጥሎ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ሳቅ አሉና «ይህች ሴት ምድጃ ሥር ተቀምጣ እንደ ሬዲዮ ዜና ነው እንዴ የምታወራው?» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ጸሐፊዋ ተውኔት ማለት በመጽሐፍ አማርኛ የሚጻፍ ስለመሰላት፣ በቤቷ ኦሮምኛ የምትናገረዋን እናት ከባድ አማርኛ አሸክማት ነበር። ዛሬ በታረመው ጽሑፍ ውስጥ ያቺው እናት ጎረቤቷን የምትጠራው «ኮቱ፣ ቡና ዹጊ» ብላ ነው። ከመጋዘኑ ሒሳብ ከፋይ ጋር ስትነጋገር አማርኛ ትናገራለች። ከልጇ ጋር ደግሞ ሁለቱን ትቀላቅላለች። የጅማና የአጋሮ ሰው ኑሮው እንዲህ ነው። ማን ከማን ጋር በምን ቋንቋ እንደሚናገር ሲሰማ፣ ማን ማንን እንደሚፈራም አብሮ ይሰማል።

ዋናው ነገር የመጣው ግን በሁለተኛው ገቢር ላይ ነው። የባልየውን ቃል የሚያነብልን ወንድ ስላልነበረ፣ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ እሺ ብለው ተቀመጡ። ባልየው ሚስቱ የለቀመችበትን ገንዘብ የሚቀበልበት ቦታ ላይ ሲደርሱ «ገንዘቡን አምጪ! የቤቱ አባወራ እኔ ነኝ!» የሚል ቃል ነበር። ጋሼ አንብበው ቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁና «ልጄ፣ እንዲህ የሚል ባል እኔ አላውቅም። ይህን ብሎ ከተናገረማ ሚስትም መልስ ትሰጠዋለች። ዝም ብሎ እጁን ነው የሚዘረጋው» አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ። የሳቀ ሰው አልነበረም። ሴቶቹ ስኒያቸውን ነበር የሚያዩት። ጸሐፊዋ ያንን መስመር ሰረዘችው። አሁን ባልየው ይገባል፣ እጁን ይታጠባል፣ ይቀመጣል፣ እጁን ይዘረጋል። ሚስቲቱ ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ፈትታ ታስቀምጥለታለች። ይህን ሊያስተምራት የሚችል መጽሐፍ ያለ አይመስለኝም። ያስተማራት ነገሩን የሚያውቅ ሰው አፍ ላይ ቃሉ አልሄድ ማለቱ ነው።

በረካው ሲቀዳ ደግሞ ያላሰብነው ነገር ተፈጠረ። ከእንግዶቹ አንዷ የሚስቲቱ ታሪክ የራሷ መሆኑን ለየችው። ነጠላዋን አስተካክላ ሳትሰናበት ወጣች። ጸሐፊዋ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣች። የሰውን ገበና አደባባይ ማውጣት በእኛ ባህል ቀላል ነገር አይደለም፤ ቀላልም ሊሆን አይገባውም። ደብተሩን ልታቃጥለው አስባ እንደነበር በኋላ ነግራኛለች። በአራተኛው ቀን ግን የቡና ቁርስ ይዛ ወደ ሴትየዋ ቤት ሄደች። ሴትየዋ ያለቻት የሚከተለውን ነው፤ «መጻፍሽ አላስቀየመኝም። ዝም አሰኝተሽ መጻፍሽ ነው ያስቀየመኝ። እኔ ዝም አላልኩም። ገንዘብ በተቀበልኩ ቁጥር ‹የትናንቱን ምን አደረግኸው?› ብዬ ጠይቄዋለሁ። የሚሰማኝ ስላልነበረ ዝም ያልኩ መሰላችሁ።»

ሁለት ነገር ተስማሙ። አንደኛ፣ ሴትየዋን የሚያስታውቅ ነገር ሁሉ፣ የልጆቹ ቁጥርም ሠፈሩም፣ እንዲለወጥ። ሁለተኛ፣ ሚስቲቱ እንድትጠይቅ። ሦስተኛው ገቢር እንደገና ተጻፈ። እጁን እየዘረጋ ዝም የሚል ባልና እየሰጠች የምትጠይቅ ሚስት ፊት ለፊት ሲቀመጡ ተውኔቱ ያን ጊዜ ተወለደ ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛውን ንባብ ሰፋ አድርገን በሠፈሩ ሕዝብ ፊት ለማድረግ ስናስብ አግዳሚ ወንበር አስፈለገን። ወንበር ያለው ዕድር ነው። ከዕድሩ ሹማምንት አንዳንዶቹ «ለልቅሶ የተገዛ ዕቃ ለጨዋታ አይወጣም» አሉ። አንድ ሐጂ ግን «ዕድር የተቋቋመው ለሞተ ሰው ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ያለነው እኛ አይደለንም ወይ?» ብለው ተከራከሩልን። በመጨረሻ ወንበሩን ፈቀዱልን፤ ድንኳኑን ከለከሉን። እኛም ዝናብ ሳይገባ በግቢ ውስጥ አደረግነው። ስልሳ ያህል ሰው መጣ። ወንዶች መጀመሪያ በአጥሩ ጥግ ቆመው ነበር፤ ሁለተኛው ገቢር ላይ ገብተው ተቀመጡ። የጸሐፊዋ ባለቤትም ከኋላ ነበር። ማታ ቤት ሲገቡ «አንቺ፣ የጻፍሽው እኔን ነው?» ብሎ ጠየቃት። «አንተ ከሆንክ አንተ ታውቃለህ» አለችው።

በዚያን ቀን አንድ ሌላ ነገርም አስተዋልኩ። ከአድማጮቹ መካከል በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ እናቶች ነበሩ። ያ ዘመቻ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን፣ ኦሮምኛውም የሚማሩት በግዕዝ ፊደል ነበር። የልጅ ልጆቻቸው ግን ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ኦሮምኛን የሚያነቡትና የሚጽፉት በቁቤ ነው። ስለዚህ አያትና የልጅ ልጅ አንድ ቋንቋ እየተናገሩ አንዱ የጻፈውን ሌላው ማንበብ የማይችልበት ቤት ብዙ ነው። ጸሐፊዋ የኦሮምኛውን ቃል በግዕዝ ፊደል ጽፋዋለች፤ አንዲት ወጣት አንባቢ ደግሞ ለራሷ በቁቤ ገለበጠችው። ሲነበብ ግን ሁሉም እኩል ሰሙት። ፊደል የለያየውን ቤተሰብ ጆሮ አንድ ያደርገዋል። በሁለትና በሦስት ቋንቋ በሚኖር ከተማ የንባብ ጥቅሙ እጥፍ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ይህ አሠራር እኛ የፈጠርነው አዲስ ነገር አይደለም። ከጎረቤታችን ኬንያ ትልቅ ምሳሌ እናገኛለን። በሊሙሩ አካባቢ ካሚሪቱ በምትባል መንደር፣ የሻይ እርሻና የጫማ ፋብሪካ ሠራተኞች በሚኖሩባት ሥፍራ፣ ኑጉጊ ዋ ቲዮንጎና ኑጉጊ ዋ ሚሪ በጊኩዩ ቋንቋ አንድ ተውኔት ጽፈው ለመንደሩ ሰው አቀረቡ። ጽሑፉ በሕዝብ ፊት ተነበበ፤ ልምምዱም በግልጽ ሜዳ ላይ ይካሄድ ነበር። ሠራተኞቹ ስለ ደመወዛቸውና ስለ ሥራቸው እውነተኛውን ነገር ጨመሩበት። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች «እንዲህ አይባልም» እያሉ ቋንቋውን አረሙት። የመንደሩ ሰው ሁለት ሺህ ሰው የሚይዝ ጣሪያ የሌለው ቴአትር ቤት በገዛ እጁ ሠራ። ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1977 ታየ። ብዙም ሳይቆይ መንግሥት ፈቃዱን ነጠቀ፤ ኑጉጊ ዋ ቲዮንጎም በዚያው ዓመት የመጨረሻ ቀን ታሰረ። ቴአትር ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1982 በፖሊስ ፈረሰ። በ2017 ዓ.ም. ያረፈው ይህ ታላቅ ደራሲ ከዚያ በኋላ ልቦለዶቹን በእናቱ ቋንቋ ወደ መጻፍ ያዞረው በካሚሪቱ ያገኘው ትምህርት እንደሆነ ደጋግሞ ተናግሯል። የተማሩትን ያስተማሯቸው ያልተማሩት ናቸው።

በአሜሪካም በኮኔቲከት ግዛት እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የዩጂን ኦኒል የቴአትር ማዕከል ዋና ሥራው አዳዲስ ተውኔቶችን ወረቀት በያዙ ተዋንያን እያስነበበ ጸሐፊው እንዲያርም መርዳት ነው። ትምህርቱን በአሥራ አምስት ዓመቱ ያቋረጠው ጥቁር አሜሪካዊ ኦጉስት ዊልሰን ተውኔቶቹን ወደዚህ ማዕከል እየላከ ደጋግመው ተመልሰውበታል። ተስፋ ሳይቆርጥ እንደገና ላከ፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ተቀባይነት አገኘ፤ በኋላም በአገሩ ከታወቁት ጸሐፌ ተውኔቶች አንዱ ሆነ። የእኛዋ መዓዛ ወርቁም ሰንዳንስ የተባለው ተቋም ለምሥራቅ አፍሪካ ጸሐፊዎች ከፍቶት በነበረው መርሐ ግብር ተሳትፋለች፤ ተውኔቷም እ.ኤ.አ. በ2014 በካምፓላ ዓለም አቀፍ የቴአትር ፌስቲቫል ቀርቧል። እነዚህን ያነሣሁት እኛ ከእነርሱ ጋር እንወዳደራለን ለማለት አይደለም። ዘዴው አንድ መሆኑን ለማሳየት ነው። ተውኔት በሰሚ ፊት ይፈተናል፤ ይታረማል፤ ከዚያ ይቆማል።

እንግዲህ በየሠፈራችሁ ይህን ለመጀመር የምታስቡ እናቶችና ሠራተኞች ብትኖሩ፣ ከጥቂት ጊዜ ልምዳችን ያገኘነውን ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ጊዜውን መምረጥ ነው። በእኛ አገር ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ስለሆነ ሴት ጊዜ የላትም። ክረምቱ ደግሞ ዝናብ ነው። የረመዳንና የዐቢይ ጾም ወራትንም ማሰብ ያስፈልጋል። እኛ የምንሰበሰበው በወር አንድ እሑድ፣ ከዐሥር ሶላት በኋላ ነው። ሕፃን የያዘች እናት እንድትመጣ ከተፈለገ ልጆቹን በተራ የሚጠብቅ ሰው መመደብ አለበት። «ትታው ትምጣ» ማለት «አትምጣ» ማለት ነው።

ሁለተኛው የአስተያየት አሰጣጥ ነው። ጸሐፊዋ በሚነበብበት ጊዜ አትከራከርም፣ አታብራራም። መድረክ ላይ ሲታይ ከጎን ቆማ ልታብራራ አትችልምና። አድማጮችም «እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር» አይሉም። ሦስት ጥያቄ ብቻ ይመልሳሉ፤ ምን ሰማችሁ? የት ላይ ደከማችሁ? ምን ለማወቅ ፈለጋችሁ? ምስጋና ብቻ የሚያዘንብም እንደ ተሳዳቢው ሁሉ አይጠቅማትም። የመጨረሻው ውሳኔ ግን የጸሐፊዋ ነው። ንባብ ፍርድ ቤት አይደለም።

ሦስተኛ፣ የሰው ገበና ነገር ነው። የጎረቤት ታሪክ ወደ ተውኔት ሲገባ አስቀድሞ ባለቤቲቱን ማነጋገር ይሻላል። ካነበቡ በኋላ ከሚመጣ እንባ ሳያነቡ በፊት የሚመጣ ጥያቄ ይቀላል። እኛ ያየነው ሴትየዋ ስትጠየቅ ከመከልከል ይልቅ ያልታወቀውን እውነት እንደምትጨምር ነው።

አራተኛ፣ «ሥራዬን ይሰርቁኛል» የሚል ሥጋት አለ። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ሆኖም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሥራ ተጽፎ በመገኘቱ ብቻ፣ ሳይመዘገብም ቢሆን፣ ለአመንጪው ጥበቃ ይሰጣል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ስምና ቀን ይጻፍ። አንድ ቅጂ በታማኝ ሰው እጅ ይቀመጥ። የተገኙት ሰዎች ስም ይመዝገብ። ወረቀቱም ከንባቡ በኋላ ተሰብስቦ ለጸሐፊዋ ይመለስ። ስልሳ ሰው ፊት የተነበበ ሥራ ስልሳ ምስክር አለው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን መናገር ይገባኛል። ንባብ ደጃፍ ነው እንጂ ቤት አይደለም። የወንዱ ተውኔት ቀጥታ መድረክ ሲወጣ የሴቷ ተውኔት ከዓመት ዓመት «ይነበብ፣ ይታረም፣ እንደገና ይነበብ» እየተባለ እዚያው ደጃፍ ላይ ከቀረ፣ ደግነት መስሎ ሌላ ማዘግያ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የቴአትር ቤቶች ገምጋሚዎችና የባህል ቢሮ ኃላፊዎች በየጊዜው ከቢሯቸው ወጥተው ንባቡ ላይ ይቀመጡ። ወረቀት ላይ ያልታያቸው ነገር እዚያ ይሰማቸዋል። ተውኔቱን የማይቀበሉ ከሆነም «አይመጥንም» ከማለት ይልቅ የጎደለውን ለይተው ይጻፉላት። አንዲት ሠራተኛ የሌሊት እንቅልፏን የከፈለችበት ሥራ ቢያንስ ምክንያት ሊጻፍለት ይገባል።

የቡና ለቃሚዋ ተውኔት እስከ ዛሬ መድረክ አልወጣም። በአዲስ ጽሕፈት ለሁለተኛ ጊዜ ገብቶ መልስ በመጠባበቅ ላይ ነው። ይሳካም አይሳካም፣ ከሁለቱ ንባቦች ወዲህ ሌሎች ሦስት ሴቶች ደብተራቸውን ይዘው መጥተዋል። አንዷ አጋሮ የምትኖር ገበያተኛ ናት፤ አንዷ አስተማሪ ናት፤ አንዷ ደግሞ ገና የአሥረኛ ክፍል ተማሪ። ይህ ሁሉ ሰው የት ነበር ብዬ ተገረምኩ። የትም አልሄዱም፤ እዚሁ ነበሩ።

ውድ አንባብያን፣ ገንዘብ የሌለን እንሆን ይሆናል፤ አዳራሽና መብራትም የለንም። ጀበና፣ አግዳሚ ወንበርና ጆሮ ግን አለን። በሠፈራችሁ ሌሊት መብራት አብርታ የምትጽፍ ሴት ካለች «ምን ትጭሪያለሽ?» አትበሏት። እሑድ ቡና አፍሉና «እስቲ አንብቢልን» በሏት።